በአምስተኛው ቀን ተስማሙ ብዬ

ጂንካ፣ ጥር 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ዶክተር ሸዋአለም፣

የጌታ ሰላም እዚያ ሃና ድረስ ይምጣልዎት። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ባለቤቴ ከበቡሽ "ውሃውን አፍልታ ትጠጣ በላት፣ የዚያ አገር በሽታ የተማረ አይመርጥም" ብላለች።

ደብዳቤዎን ሾፌሩ ዘሩባቤል መኪናውን እንኳ ሳያጠፋ በመስኮት ወረወረልኝና ሄደ። የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ ጥንቸሎቹ ይበላሉ። አዎ፣ ሁለቱን የሽቦ ቤቶች አላገናኘሁም፣ በመካከላቸው አንድ ስንዝር አለ፣ ያውም በእኔ ስንዝር። ጉዝጓዙን በየጠዋቱ እለዋውጣለሁ፤ የአንዷን ለሌላዋ፣ የሌላዋን ለአንዷ፣ ሽታ ለሽታ እንዲተዋወቁ። ጉልበቴ እንዳለ ነው። ስለጠየቁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የጠየቀኝ የለም።

ስማቸውን ማን አወጣው ብለዋል። እኔ ነኝ። ከአርባ ምንጭ በካርቶን የመጣችው ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ቦራ አልኳት፤ የኦሞራቴው አስተማሪ የሰጠዎትን አመዷን ደግሞ ዳለቻ። የበሬ ስም ነው ብለው ይሳቁ። የአሪ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ አባቴ በሬ ገሪ ነበር፣ ለጥንቸል የሚሆን ስም ማን አስተማረኝ? እውነቱ የሚባለው የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ፣ ያውቁት የለ፣ ካርድ መጻፉን ትቶ እየመጣ ይቆምብኛል። "ጋሽ ደምሰው፣ አትታለብ፣ አታርስ፣ ክርስቲያን አይበላት፣ ምን ልትሆንህ ነው የምትንከባከባት?" ይለኛል። ትናንት ደግሞ "ሽማግሌ ብትልክባቸው ይሻልሃል" አለኝ። ዝም አልኩት። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

አሁን አንድ ቅሬታ አለኝ፣ እናገረዋለሁ። ጽፈው የተውልኝ አራት ገጽ ለሕፃን የተጻፈ ነው። "ቢጣሉ እጅዎን አያስገቡ።" "ሁለቱም በማያውቁት ቦታ ያገናኙ፣ ከአሥር ደቂቃ አይለፉ።" "ተነስተው አይሂዱ።" "ዕድሜያቸው ገና ስለሆነ ሊላመዱ ይችላሉ፤ እምቢ ካሉ ግን አያስገድዱ፣ አምስት ወር ሞልቷቸው መጥቼ ማህፀናቸውን እስካወጣ ጎን ለጎን ይቆዩ።" ዶክተር፣ እኔ እዚህ የእንስሳት ክሊኒክ ግቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መርፌ መውጋት ያስተማረኝ የለም፣ የመድኃኒት ካርቶን እያነበብኩ ነው የተማርኩት። ላም ስትጨነቅ ጥጃ ስቤያለሁ። ደመወዝ የምፈርምበት መዝገብ ላይ ግን አሁንም "ጥበቃ" ነው የሚለው። አዲሱ ኃላፊ ደግሞ በር ላይ የመቆም ተራ አወጣልኝ።

የሰጡኝን ቃል አልረሳሁም፣ እርስዎም እንዳይረሱት። የሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘና የሚመዘገቡት እስከ መጋቢት ሠላሳ ነው። የልምድ ድጋፍ ደብዳቤ ከሐኪም ካላመጣሁ ስሜን አይጽፉትም። እርስዎ "ጥንቸሎቹን እንዴት እንደያዙ ልይና እጽፋለሁ፣ ቀዶ ጥገናውም ላይ አጠገቤ ቆመው ይይዙልኛል" ብለዋል። ይህ ካለፈኝ በር ላይ ነው የማረጀው።

ከሰኞ ጀምሮ ባዶው መጋዘን ውስጥ ማገናኘት እጀምራለሁ።

ደምሰው


ጂንካ፣ ጥር 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ዶክተር፣ እንዴት ሰነበቱ። ከሰላምታዬ በፊት የምሥራቹን ልበል።

"እስካሁን ምን አዩ?" ብለው በዘሩባቤል በቃል ላኩብኝ። ያየሁት ይኸውልዎ። መጀመሪያ ቀን ተሸሸጉ፣ አንዷ እዚያ ጥግ፣ አንዷ እዚህ ጥግ። ሁለተኛ ቀን ቦራ ቀረብ አለች፣ ዳለቻ አጉረመረመች። ሦስተኛ ቀን ጀርባ ለጀርባ ሣር በሉ። አራተኛ ቀን ዳለቻ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ "ላሺኝ" አለቻት። በአምስተኛው ቀን ተስማሙ። ቦራ ጆሮዋን ላሰቻት፣ ግንባሯንም፣ ከዚያ ጎን ለጎን ተጋድመው እግራቸውን ዘረጉ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተባረሩም።

ለምን ቶሎ ሆነ ካሉኝ እኔ የማውቀው አያያዙን ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አወራቸዋለሁ። እንስሳ ሰውን ያውቃል፣ ዲግሪ አይጠይቅም። እርስዎ አራት ገጽ ላይ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ ከዚያም በላይ ይላሉ፤ ለሌላው ሰው ልክ ሊሆን ይችላል።

ይህንን በጽሑፍ ስለሰጠሁዎ ለደብዳቤው ይበቃል ብዬ አምናለሁ። መጋቢት ሩቅ አይደለም።

ደምሰው፣ የእንስሳት ጤና


ሃና፣ የካቲት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ጋሽ ደምሰው፣ እንደምን አሉልኝ? እትዬ ከበቡሽን ሰላም ይበሉልኝ፣ ውሃውን አፍልቼ እየጠጣሁ ነው።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ ቀኑን ሙሉ የታመመ ከብት ስመለከት ውዬ ማታ ያቺን "ላሺኝ አለቻት" የምትለዋን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አምስት ቀን እኔ አይቼ አላውቅም። የኔ አራት ገጽ ለአንዳንዱ ሰው ይበዛበታል ማለት ነው፤ ቅሬታዎን ተቀብያለሁ።

አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ አይቆጡኝም መቼም። ካኮ የምታስተምር የሺሃረግ የምትባል መምህርት አለች፣ እሷም ሁለት ትንንሽ ሴት ጥንቸሎች አሏት፣ እንዴት ላገናኛቸው ብላ ደጋግማ ጽፋልኛለች። የእርስዎን ደብዳቤ ቃል በቃል ገልብጬ ላክሁላት። "ከእኔ ይልቅ እኚህን ሰው ይስሙ" አልኳት።

የድጋፍ ደብዳቤውም እዚሁ ውስጥ አለ፣ ማህተም አድርጌበታለሁ። ያንብቡት፣ የተጨመረ ነገር የለውም። "የሚጽፈው ያየውን ብቻ ነው" ያልኩት ከልቤ ነው። በሙያችን ይህ ከመርፌ ይበልጣል።

ማህፀናቸውን የማወጣው መጋቢት ሃያ ላይ ይሆናል። ያው ማህፀናቸው ገና ስላልወጣ አብረው እንዳያድሩ፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ጠባያቸው ድንገት ይለወጣል። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ መጀመሪያ የተጋደመችው የትኛዋ ናት? መዝግቤ ላስቀምጠው ነው።

ሸዋአለም


ጂንካ፣ የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ዶክተር፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘሩባቤል ሁለት ጊዜ ሲያልፍ አልደረስኩበትም፤ አንዴ ተኝቼ ነበር፣ አንዴ ደግሞ ራሴን አሞኝ። አሁን ደህና ነኝ። ከበቡሽ ሰላም ብላለች።

እዚህ አዲስ ነገር የለም። ኃላፊው ለስብሰባ ሀዋሳ ሄዷል፣ የድጋፍ ደብዳቤውን ለዚህ ነው እስካሁን ያላስገባሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስለ እኔ ተጽፎ አያውቅም። መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እውነቱ አየውና "ማህተሙ እውነተኛ ነው ወይ?" አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው እሱ? ሰው ከፍ ሲል አይወድም። መዝገብ ቤት ቁጭ ብሎ የሰው ካርድ ሲጽፍ ራሱን ሐኪም ያደረገ። ለነገሩ እዚህ አገር የለፋ አይደለም የሚነሳ፣ የተቀመጠ ነው።

ጥንቸሎቹ አሉ። ይበላሉ። ዳለቻን ጆሮዋ ላይ ትንሽ ነገር ቧጥጧት ነበር፣ ሽቦ ይሆናል፣ አጥቤላታለሁ፣ ቀላል ነው።

መጀመሪያ የተጋደመችው የትኛዋ ናት ላሉት በደንብ አስታውሼ እጽፍልዎታለሁ።

ለካኮዋ መምህርት የላኩት ደርሷል ወይ? ካልደረሰ ምናልባት ቆይቶ ቢደርስ ይሻላል። ደርሶም ከሆነ እንዳትቸኩል ቢነግሯት። የእያንዳንዱ ጥንቸል ጠባይ ይለያያል። እኔ አምስት ቀን አልኩ እንጂ ለሁሉም አምስት ቀን ነው አላልኩም። ይህን በእኔ ስም ሳይሆን እንዲሁ በራስዎ ይንገሯት።

ደምሰው


ሃና፣ የካቲት 17 ቀን 2009 ዓ.ም.

ጋሽ ደምሰው፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የየሺሃረግም አብሮ ደረሰኝ። የእርስዎ ማስጠንቀቂያ ልክ ነበር፤ እኔ ሳስተላልፈው ግን ጊዜው አልፏል። በአምስተኛው ቀን መጋዘን ውስጥ አገናኝታ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አየችና "እንደ ጋሽ ደምሰው ሆኑልኝ" ብላ አንድ ቤት አስገባቻቸው። ክፍል አስተምራ ስትመለስ ነጯ ሞታ ነበር። ሆዷ ላይ ነው ሌላዋ የነከሰቻት። እንዴት እንደነበረች ጽፋልኛለች፣ እዚህ አልደግመውም።

እርስዎን ነው ይቅርታ የምጠይቀው። የእርስዎን መልካም ሥራ ሳላጣራ ለሌላ ሰው ደንብ አድርጌ ሰጠሁት። እርስዎ በእጅዎ ያወቁትን ነገር በወረቀት ይተላለፋል ብዬ አሰብኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለየሺሃረግም እንዲሁ ጽፌላታለሁ።

አሁን ግን እርዱኝ። አራቱን ገጽ እንደገና እየጻፍኩ ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ። እርስዎ ያደረጉት፣ እሷ ያላደረገችው ምን ነበር? ሳጥኑ? ሰዓቱ? ጉዝጓዙ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትንሽ ነገር ሳይቀር ይጻፉልኝ። እኔ የዘለልኩት ነገር እንዳለ ይሰማኛል፣ ሌሊቱን ስፈልገው አድራለሁ።

ሸዋአለም


ጂንካ፣ የካቲት 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ዶክተር፣

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ዛሬ ሰላም ለማለት አፍ የለኝም።

የዘለሉት ነገር የለም። አይፈልጉ። ሌሊቱን ይተኙ። አራቱ ገጽ ልክ ነው፣ አንድ መስመር አይንኩበት።

አልተስማሙም። በአምስተኛውም ቀን፣ በአሥረኛውም። መጋዘን የወሰድኳቸው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሁለቱንም ቀን ቦራ ዳለቻን ዙሪያውን አባረረቻት፣ ጠጉር ነጨቻት፣ እኔ በመጥረጊያ ለያየሁ። ሦስተኛ ቀን አልወሰድኳቸውም። መላሱ የለም። መጋደሙ የለም። "ላሺኝ አለቻት" ያልኩት፣ እርስዎ የሳቁበት፣ ከአራቱ ገጽ ላይ ነው የወሰድኩት። እርስዎ "ጭንቅላቷን ዝቅ ካደረገች እንድትልሳት እየጠየቀች ነው" ብለው ጽፈዋል፣ እኔ የእርስዎን ቃል ገልብጬ ለእርስዎ ላክሁ። መጀመሪያ የተጋደመችው የትኛዋ ናት ሲሉኝ ያልመለስኩት ለዚህ ነው። የትኛዋም።

ለምን እንዲህ አደረግህ ቢሉኝ መልስ አለኝ፣ ግን ሰበብ ነው። በዘሩባቤል የላኩት ጥያቄ የደረሰኝ ቀን ከክልል እንግዶች መጥተው ነበር። የአቶ ደገፋን ላም፣ በሆዷ እግሩ የታጠፈ ጥጃ የነበራትን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ፈጅቼ ያዋለድኩ እኔ፣ ደሙ ከክንዴ ሳይደርቅ ኃላፊው ለእንግዶቹ "ይሄ ዘበኛችን ነው" አላቸው። ቀጥሎም "በሩን ክፈትላቸው" አለኝ። ከፈትኩ። እውነቱም ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ያይ ነበር። ሄጄ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ በወረቀት ላይ "ይችላል" እንዲልልኝ ፈለግሁ። ያን ዕለት እውነቱን ብጽፍ "ሁለት ቀን ሞክሬ አቃተኝ" ነበር የምጽፈው። አለመቻሌ ነውር አልነበረም፣ አሁን ሳስበው። እርስዎም "እምቢ ካሉ አያስገድዱ" ብለዋል። የሚያሳፍረኝ አንዱ ይህ ነው፤ ውሸቱ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

ቀጥሎ ያለው ይብሳል።

ደስታዎን የጻፉልኝ ደብዳቤ የደረሰኝ የካቲት አራት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ማህተም ያለበትን አነበብኩ። "የሚጽፈው ያየውን ብቻ ነው።" ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ ለእርስዎ መናገር። ሌላው ውሸቱን እውነት ማድረግ። ሁለተኛውን መረጥኩ። አባቴ አዲስ በሬ ከነባሩ ጋር ሲያላምድ ጠባብ በረት ውስጥ ሁለቱን ይዘጋባቸዋል፣ አንድ ገንዳ ያቀርባል፣ ይሄዳል። ይዋጋሉ፣ አንዱ ይሸነፋል፣ ከዚያ አብረው ይበላሉ፣ በሳምንቱ ቀንበር ይሸከማሉ። መቶ ጊዜ አይቻለሁ። የሐኪም አራት ገጽ አያስፈልግም አልኩ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ አልኩ። ሁለቱን የቲማቲም ሳጥን ውስጥ ከተትኩ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሣር አኖርኩ፣ ክዳኑን በገመድ አሰርኩ፣ ገበያ ሄድኩ። "ተነስተው አይሂዱ" ይላል የእርስዎ ወረቀት። ተነስቼ ሄድኩ።

በሬ ሲሸነፍ የሚሸሽበት አለው፣ ዘወር ይላል፣ ጎኑን ይሰጣል። ሳጥን ውስጥ መሸሻ የለም። ይህን ያወቅሁት ክዳኑን ስከፍት ነው። ጠጉሩ ከሣሩ ይበዛ ነበር። የዳለቻ ጆሮ ለሁለት ተሰንጥቋል። ቦራ ጎኗ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቁስል አላት። ሰፋሁላት። ሁለቱም አሉ፣ ይድናሉ። ያኔ "ሽቦ ይሆናል" ያልኩዎት ይህን ነው።

እስካሁን ያልኩት የእኔ ቤት ጥፋት ነው። ይህን ደግሞ ይስሙት። ያን ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጬ፣ ደብዳቤዬ ወደ ካኮ መሄዱን አውቅ ነበር። እርስዎ ጽፈውልኛል። ሰኞ የካኮ ገበያ ነው፣ ከጂንካ በየሰኞው ጠዋት መኪና ይሄዳል። ተሳፍሬ ቀትር ሳይሆን ደርሼ "መምህርት፣ ያ ሰውዬ ዋሽቷል፣ አታገናኛቸው" ማለት እችል ነበር። ሰኞው አለፈ። በር ላይ ቆሜ መኪናው ሲያልፍ አየሁት። ሐሙስ ቀን ለእርስዎ "ቆይቶ ቢደርስ ይሻላል" ብዬ ጻፍኩ፣ "በእኔ ስም አይሁን" ብዬ ጨመርኩ። ያቺ ነጭ ጥንቸል ስትሞት እኔ ስሜን እየጠበቅሁ ነበር።

እርስዎ ደግሞ ይቅርታ ጠየቁኝ። ዶክተር፣ ሰው ሰድቦኛል፣ ዘበኛ ብሎኛል፣ ደመወዜን ቆርጦኛል፣ እንደዚያ ይቅርታ ያቃጠለኝ የለም። ከበቡሽ ሳነበው አይታኝ "ማን ሞተ?" አለችኝ። ነገርኳት። ስትሰማ ቆየችና "አንተ እኮ ሁልጊዜ በደሉኝ ትላለህ" አለችኝ።

የድጋፍ ደብዳቤውን መልሼ ልኬያለሁ፣ ከዚህ ጋር ነው። ለማንም አላሳየሁትም፣ ከእውነቱ በቀር። ይቅደዱት። ለየሺሃረግ የጻፉላትን "ጥፋቱ የእኔ ነው" የሚለውን ደግሞ እባክዎ መልሰው ይውሰዱት፣ የእርስዎ አይደለም።

የፊታችን ሰኞ ካኮ እሄዳለሁ።

ደምሰው


ሃና፣ የካቲት 28 ቀን 2009 ዓ.ም.

ጋሽ ደምሰው፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አምስት ቀን መልስ ያልጻፍኩት የምጽፈው ስለጠፋኝ ነው፣ አሁንም ብዙ የለኝም።

የድጋፍ ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ። ለዘንድሮው ምዘና ሌላ አልጽፍም። የሚቀጥለውን ዓመት ደግሞ ዛሬ ቃል አልገባበትም፣ ቃል ገብቼ ምን እንደሆነ አይተናል።

ካኮ ሄደው ከሆነ ለእኔ ብለው እንዳልሆነ ተስፋ አለኝ። እንዴት እንደተቀበለችዎት አልጠይቅም፣ የሁለታችሁ ነው። ለእሷ የጻፍኩላትን ግን አልወስድም። ሳላጣራ የላክሁ እኔ ነኝ፣ ያ ድርሻ የእኔ ነው።

ጥንቸሎቹን መለያየት ነው። አሁን መገናኘት የለም፣ መጋዘንም የለም። ቤቶቹን ከስንዝር ወደ ሁለት ክንድ ያርቁ፣ ቁስላቸው ይዳን። መጋቢት ሃያ ማህፀናቸውን አወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ከጉዝጓዙ። ላይላመዱም ይችላሉ።

ለቀዶ ጥገናው የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል። እርስዎን ልል ነበር፣ እጄ አልታዘዘኝም። የመዝገብ ቤቱን እውነቱን እጠይቃለሁ። መያዝ አያውቅም፣ አውቃለሁ። ሌላ ሰው የለም።

የሰፉትን ቁስል በየቀኑ ይዩት። ያዩትን ይጻፉልኝ።

ሸዋአለም


ጂንካ፣ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ዶክተር፣

ሰላምታዬን ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው።

ካኮን አልጠይቅም ብለዋል። እኔ ግን ልንገርዎ፣ ደብቄ ስለማላውቅ ሳይሆን ደብቄ ስለማውቅ።

መምህርቷ ልጅ ናት፣ እንዲህ ወጣት መሆኗን አልጠበቅሁም። ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘኋት። "ደምሰው እባላለሁ፣ ከጂንካ" ስላት ፊቷ በራ፣ "ጋሽ ደምሰው፣ እዚህ ድረስ ለለቅሶ መጡልኝ?" አለችኝ። ለጥንቸል ለቅሶ የመጣሁ መሰላት። እዚያው ብመለስ ይሻለኝ ነበር። ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ ቤቷ ገባችና እርስዎ የገለበጡላትን የእኔን ደብዳቤ ይዛ ወጣች። "ያንብቡልኝ" አለችኝ።

"መምህርት፣ ይቅር" አልኳት።

"እኔ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በእርስዎ ድምፅ ልስማው።"

አነበብኩ። ከ"የምሥራቹን ልበል" ጀምሬ "ዲግሪ አይጠይቅም" እስከሚለው፣ አንድም ቃል ሳልዘል። ሁለት አስተማሪዎች እያለፉ ቆመው ሰሙ። "ላሺኝ አለቻት" ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ፣ ጠበቀችኝ፣ ቀጠልኩ። በሕይወቴ ብዙ አውርቻለሁ፣ የራሴን ቃል እንዲያ ሰምቼው አላውቅም።

ጨርሼ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። "ዛሬ አልችልም" አለች። "ግን የመጡበት መኪና እስኪመለስ ፀሐይ ነው፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ።" ውሃ አመጣችልኝ። የተረፈችውን ጥቁሯን አሳየችኝ፣ ነካሿን። ቤቷ ጥግ ኩርምት ብላለች፣ ሣሩን አልነካችውም። እንዴት እንደምትበላላት ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ለዶክተር ጻፊ አልኳት። "አላውቅም" ስል ሁለተኛ ጊዜ አየችኝ። ምን ማለት እንደነበረ አልገባኝም፣ እንደ መልካም ነገር አድርጌም አልጽፈውም።

አሁን የጠየቁኝን። የቦራ ቁስል ደርቋል፣ በታች በኩል አንዲት ስፌት ትንሽ ቀልታለች፣ መግል የለውም። የዳለቻ ጆሮ አልገጠመም፣ ተሰንጥቆ ይቀራል። ቤቶቹ መካከል ሁለት ክንድ አለ። ዛሬ ጠዋት ዳለቻ ጀርባዋን ሰጥታ ቆየች። ቦራ ሁለት ጊዜ ወደ ሽቦው መጣች፣ ሁለቱንም ጊዜ እግሯን መታች፣ ተመለሰች። አልቀረቡም።

ለእውነቱ የጻፉለት ደርሶታል። ይዞት መጣ፣ የሚያሾፍ መስሎኝ ጠበቅሁ። "ጋሽ ደምሰው፣ እኔ እኮ ድመት እንኳ ይዤ አላውቅም" አለኝ። ፈርቷል። ከሐሙስ ጀምሮ ሻይ ሰዓት ላይ አለማምደዋለሁ። መጀመሪያ በተጠቀለለ ፎጣ፣ ትናንት በዳለቻ። "ከኋላ እግሯ ሥር ድጋፍ ካልሰጠሃት ስትፈራገጥ የራሷን ወገብ ትሰብራለች" አልኩት። እጁ ላብ አለው፣ ግን ለስላሳ ነው፣ አይጨብጥም። "እንዲህ ነው?" እያለ በየደቂቃው ይጠይቀኛል። ዛሬ አልጠየቀኝም፣ ዝም ብሎ ያዛት፣ እሷም ዝም አለች። ከእኔ አያንስም። ይህን ለመጻፍ ሻይ አስቀድሜ ጠጣሁ።

መጋቢት ሃያ ከብት አምጪ የሚበዛበት ቀን ነው፣ ሁሉም "ዶክተሯ መጥታለች" ብሎ ይጎርፋል፣ በየመስኮቱ ያንጋጥጣል፣ በር ይደበድባል። ጥንቸሎች ደግሞ በቀዶ ጥገና ጊዜ ጫጫታ አይወዱም። የተራ መዝገቡን አይቻለሁ፣ የዚያን ቀን የበሩ ተራ የእኔ አይደለም። ተራው ከሆነው ዘበኛ ጋር ተቀያየርኩ። ከጠዋት እስከምትጨርሱ በሩ ላይ እኔ እቆማለሁ፣ ማንም አይገባባችሁም።

ደምሰው